የመንገድ ዳር የመብራት ሣጥንና የአደባባይ ሥዕል
በኩታበርና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ልማድ ሲመዘን

በዛሬው ዘመን በብዙ የዓለም ከተሞች መንገድ ዳር አንድ ዐይነት የብረት ሣጥን ቆሞ ይታያል። ቁመቱ እስከ ሰው ደረት ይደርሳል፤ ቀለሙም አመድማ ወይም አረንጓዴ ነው። በውስጡ የኤሌክትሪክ ኀይል ለየሰፈሩ የሚከፋፈልበት መሣሪያ፥ ወይም የስልክ ሽቦ የሚገጣጠምበት ሰሌዳ፥ ወይም የትራፊክ መብራት በየተራው እንዲበራና እንዲጠፋ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ይገኛል። የሚያገለግለው ሁሉን ነው፤ የሚያየው ግን የለም። ሰው ትዝ የሚለው መብራት የጠፋ ዕለት ብቻ ነው። ባለቤቱ መሥሪያ ቤት እንጂ ጎረቤት ስላልሆነ፥ ያገኘ ሁሉ ማስታወቂያ ይለጥፍበታል፤ ስሙን ይጭርበታል፤ ቆሻሻም በሥሩ ይጥልበታል።

ይህን ሣጥን ሥዕል አልብሶ የአደባባይ ጌጥ ማድረግ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ የብዙ ከተማ ማዘጋጃ ቤቶች ሥራ ሆኗል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎችን ያስነሣል። በሁሉ ፊት በሚቆም ዕቃ ላይ ሥዕል እንዲሥል የሚፈቀድለት ማን ነው? የተሣለውን የሚጠብቀውና የሚያድሰው ማን ነው? እምነቱና ልማዱ ልዩ ልዩ በሆነ ሕዝብ መካከል የጋራ ሊሆን የሚችለው ምን ዐይነት ሥዕል ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በኩታበርና ከዚያ ወደ ምዕራብ እስከ መካነ ሰላም በሚዘልቀው የደቡብ ወሎ ደጋ ልማድ መመዘን ነው።

የሥራው አጀማመርና አካሄድ

በዚህ ሥራ ቀደም ካሉት ከተሞች አንዷ በአውስትራሊያ የምትገኘው ብሪዝበን ናት። የከተማይቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ነዋሪዎች የትራፊክ መብራት መቆጣጠሪያ ሣጥኖችን ቀለም እንዲቀቡ ፈቀደ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሣጥኖች ሥዕል ለብሰዋል። በአሜሪካ የቦስተን ከተማ ይህንኑ የመሰለ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 ጀመረች። በአየርላንድ ደግሞ የደብሊን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 ተከተለች። ከዚያም ልማዱ በካናዳና በሌሎችም አገሮች ተስፋፋ።

አካሄዱ በየስፍራው ተመሳሳይ ነው። አስቀድሞ ከተማው ለሠዓሊዎች ጥሪ ያደርጋል። ሠዓሊው የሚሥለውን ነገር በወረቀት ነድፎ ያቀርባል፤ አንድ ኮሚቴም መርምሮ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። የተፈቀደለት ሰው ቀለም ወይም መጠነኛ ገንዘብ ይሰጠዋል። ሥዕሉ ሲያልቅ፥ የተለጠፈውንና የተጫረውን ነገር በቀላሉ ለማጠብ የሚያስችል ጥርት ያለ መከላከያ ቅባት ይቀባል። ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸውም ሥዕሉን በሚለጠፍ የላስቲክ ወረቀት ላይ በመኪና አሳትሞ ሣጥኑን መጠቅለል ነው። ይህ ሁለተኛው መንገድ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ሠዓሊው በሰፈሩ ተቀምጦ ከአላፊ አግዳሚው ጋር እየተነጋገረ የሚሠራበትን ጊዜ ያስቀራል።

ከተሞቹን ለዚህ ሥራ ያነሣሣቸው የውበት ፍቅር ብቻ አይደለም። የተጫሩ ሣጥኖችን ዘወትር በቀለም መሸፈን ገንዘብ ያስወጣል። ሥዕል ያለበት ሣጥን ግን ባዶ ከሆነው ይልቅ ከመጫር ይድናል፤ ሰው የሌላውን ሰው ድካም ባየበት ላይ እጁን ለማንሣት ያፍራልና። እንግዲህ የሥራው መሠረት ቀለሙ ሳይሆን ኀፍረት ነው ማለት ይቻላል። ኀፍረት ደግሞ የሚኖረው ሠሪው በታወቀበት ስፍራ ነው።

የኢትዮጵያ ከተሞች ሁኔታ

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራት ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቢታወቅም፥ የመብራትን ሥራ ለብቻው የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኀይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት ስሙ ከተለወጠ በኋላ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ኀይል የሚያመነጭና የሚያስተላልፍ፥ ሁለተኛው ለተጠቃሚው የሚያከፋፍል ሆነ። በዚህ ሁሉ ዘመን በአብዛኞቹ ከተሞች ሽቦው የተሸከመው በምሰሶ ላይ ነበር። ትራንስፎርመሩም ከምሰሶው ላይ ከፍ ብሎ ስለሚሰቀል፥ በሰው ዐይን ፊት የሚቆም ሣጥን ብዙ አልነበረም። ለሕዝቡ ቅርብ የሆነው በየቤቱ ግድግዳ የሚሰቀለው የቆጣሪ ሣጥን ነው።

ይህ ሁኔታ መለወጥ ጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ በየመንገዱ ተንጠልጥለው የነበሩትን የመብራትና የስልክ ሽቦዎች ወደ መሬት ውስጥ ማስገባት ነበር። ሥራው ከዚያ በኋላ ደሴንና ኮምቦልቻን ወደመሳሰሉ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ሽቦ መሬት ውስጥ ሲገባ፥ የሚገናኝበትና የሚከፋፈልበት ሣጥን በመሬት ላይ መቆም አለበት። ቀድሞ ከራስ በላይ የነበረው ነገር በእግረኛው ትከሻ አጠገብ ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ የሣጥኑ ፊት ምን ይምሰል የሚለው ጥያቄ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል።

ኩታበር ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኝ የወረዳ ከተማ ናት፤ መካነ ሰላም ደግሞ ከደሴ በስተምዕራብ ራቅ ብላ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በእነዚህ ከተሞች ሽቦው ዛሬም በአብዛኛው በምሰሶ ላይ ነው። ነገር ግን በደሴ የሚደረገው ነገር ውሎ አድሮ ወደ እነርሱ መድረሱ ስለማይቀር፥ ጉዳዩን አስቀድሞ ማሰቡ ከጊዜው የቸኮለ አይሆንም።

በደጋው አገር ያሉ ሦስት ልማዶች

የዚህ ደጋ ሕዝብ የሚገለገልበትን ነገር ሳያስጌጥ አይተውም። ከልማዶቹ ሦስቱን ብንመለከት፥ ከላይ ለተነሡት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መልስ ይሰጣሉ።

የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ይሸፈናል፤ ሥዕሉ ብዙ ጊዜ በሸማ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ስፍራው የተወሰነ ነው፤ ለምሳሌ በመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል እንደ ዘበኛ ሆነው ይሣላሉ። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ነገር ግን ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ነው። ሥዕሉን በገንዘቡ ያሣለው ሰው ከቅዱሱ እግር በታች ተደፍቶ ሲማፀን ይሣላል፤ ስሙም በአጠገቡ ይጻፋል። የሠዓሊው ስም ብዙ ጊዜ ተረስቶ ሲቀር፥ ሥዕሉን የሰጠው ሰው ስም ይኖራል። ከዚህ የምንረዳው በሕዝብ ፊት የሚቆም ሥዕል ኀላፊ ያለው፥ በስም የሚጠራም መሆኑን ነው።

ሁለተኛው የቤት ልቅለቃ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ በእበት፥ በአመድና በልዩ ልዩ አፈር ይለቀለቃል። ይህ የሴቶች ሥራ ነው። የሚለቀለቀውም ባረጀ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በዓል ሲደርስ፥ ሰርግ ሲታሰብ፥ እንግዳ ሲጠበቅ ይታደሳል። የደጋው ዝናብና ፀሐይ ልቅለቃውን ቶሎ ያረጃሉ፤ ባለቤቲቱም ይህን ስለምታውቅ ለዘለዓለም ይኖራል ብላ አትደክምም። ውበቱ የሚኖረው ስለማይጠፋ ሳይሆን ስለሚታደስ ነው። በሐረር ከተማም ሴቶች ለበዓል ቤታቸውንና የግቢያቸውን ግንብ በኖራና በቀለም ማደሳቸው ይህንኑ ልማድ የሚመስል ነው።

ሦስተኛው ስፌት ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ልጃገረዶች በቡድን ሆነው ስንደዶ ለመልቀም ወደ መስኩ ይወጣሉ። ስንደዶና አክርማ የስፌት ዋና ዕቃዎች ናቸው፤ በቀለም የተነከረውም አለላ ይባላል። ቀለሙ ቀድሞ ከእንጨትና ከቅጠል ይዘጋጅ ነበር፤ አሁን ግን አብዛኛው ከገበያ ይገዛል። ከዚህም መሶብ፥ ሰፌድ፥ ሌማት፥ ሙዳይና አገልግል ይሠራሉ። ሰፊዋ ሥራዋን የምትጀምረው ከመካከል ነው። የሣሩን ጭብጥ እንደ ገመድ አድርጋ ታዞራለች፤ በላዩ ቀጭን ሣር እየጠቀለለች፥ የቀደመውን ዙር በወስፌ እየወጋች አዲሱን ከአሮጌው ጋር ትሰፋለች። ጌጡ በመጨረሻ ከላይ የሚቀባ አይደለም፤ ከስፌቱ ጋር አብሮ የሚገባ ነው። ስለዚህ ሰፊዋ በየዙሩ ስንት ስፌት ነጭ፥ ስንት ቀይ፥ ስንት አረንጓዴ እንደሚሆን መቍጠር አለባት። የጌጡም መልክ ከዚህ ቈጠራ ይወለዳል፤ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ የሚል መስመር፥ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚሄድ መስመር፥ ሦስት ማዕዘን፥ ኮከብ የመሰለ ቅርጽ ይወጣል።

ለጋራ ስፍራ የሚስማማው ጌጥ

ከሦስቱ ልማዶች የትኛው ለአደባባይ ሣጥን ሊስማማ ይችላል? የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለስፍራው የተቀደሰ ስለ ሆነ፥ ከስፍራው አውጥቶ በመንገድ ዳር ማቆም ለክርስቲያኑ ክብርን መቀነስ ይሆንበታል። ለሙስሊሙ ደግሞ ሕይወት ያለውን ፍጡር መሣል ብዙ የሃይማኖቱ ሊቃውንት የማይወዱት ነገር ነው። ስለዚህ ሰውንና እንስሳን የሚያሳይ ሥዕል፥ በሌላ ከተማ ያለ ክርክር የሚያልፍ ቢሆንም፥ በወሎ ከማቆም በፊት ማሰብን ይጠይቃል።

በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር፥ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። በሰርግና በሐዘን ይጠራራሉ። ነገር ግን አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ደጋሹ ይህን ስለሚያውቅ ለየወገኑ ለብቻ ያሳርዳል፤ ወጡም ለብቻ ይሠራል፤ እንግዳውም ሳያፍርና ሳይጠራጠር በልቶ ይሄዳል። እንጀራው የቀረበበት መሶብ ግን በቅርጹም በጌጡም በአብዛኛው አንዱን ሃይማኖት ከሌላው የሚለይ ምልክት የለውም። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም በአንድ መስክ የበቀለውን ስንደዶ ለቅመው፥ በአንድ ገበያ የተሸጠውን ቀለም ነክረው፥ አንዱን ቈጠራ ቈጥረው ይሰፋሉ። በሥጋ የተለየው ማዕድ በስፌት ይገናኛል።

ስለ ሆነም በዚህ ደጋ ለጋራ ስፍራ የሚስማማው ጌጥ የስፌት ጌጥ ነው። ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ማንንም አያስቀይምም፤ ሁሉም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ለሣጥኑ ቅርጽም ቢሆን የተመቸ ነው። የመሶብ ወገብ ዙሪያውን የሚሄድ ጌጥ ነው፤ ቢዘረጋ እንደ መቀነት ይረዝማል። ይህ መቀነት በአራቱ የሣጥን ጎኖች ላይ ሲዞር መጀመሪያና መጨረሻው ይገጥማል። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ስለ ሆኑም፥ የሣጥኑ በር፥ ማጠፊያና ቁልፍ በመካከል ቢገቡ የፊት ሥዕል እንደሚበላሸው ያህል አይበላሹም።

አሁን አንድ አስቸጋሪ ነገር ይመጣል። መሶብ ላይ የሰፊዋ ስም አይጻፍም። መጻፍም አያስፈልገውም፤ ጎረቤቶቿ እጇን ያውቃሉና። ማን ረቂቅ እንደምትሰፋ፥ ማን ቀለም መምረጥ እንደምትችል ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ጌጧ ግን ከቤቷ ወጥቶ በከተማ ሣጥን ላይ ሲሣል ያ ምስክር ይቀራል። አንድ ማተሚያ ቤት የመሶቧን ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ በላስቲክ ወረቀት አትሞ፥ በመቶ ሣጥን ላይ ቢለጥፈው፥ የደከመችበት ሴት አትጠቀምም፤ አትታወቅም፤ አትጠየቅምም። የደጋው ሴቶች ጥበብ በዚህ መንገድ የሁሉም ተብሎ የማንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ልማድ መማር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ስምን ከግርጌ መጻፍ ነው። የሰፊዋ ስም፥ የቀቢው ስም፥ የሰፈሩ ስም በሣጥኑ ግርጌ ቢጻፍ፥ ሠሪው ይታወቃል፤ የሚያበላሸውም ያፍራል። ሰፊዋ ለጌጧ ዋጋ ማግኘቷም ከስሙ መጻፍ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።

ሊጠነቀቁለት የሚገባ ነገር

የመብራት ሣጥን መሶብ አይደለም። መሶብ ቅረቡ ይላል፤ የመብራት ሣጥን ግን በውስጡ ሰውን ሊገድል የሚችል ኀይል ስላለ ራቁ ማለት ይገባዋል። ያጌጠ ነገር ደግሞ ሕፃናትን ይስባል። ስለዚህ ማንኛውም ሥዕል የአደጋውን ምልክት መሸፈን የለበትም፤ ምልክቱ እንዲያውም ከጌጡ ተለይቶ ጎልቶ መታየት አለበት። ማንበብ ለማይችል ሰውና ለሕፃን የሚናገረው እርሱ ብቻ ነውና።

እንዲሁም የሣጥኑ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳዎች በቀለምም በወረቀትም መደፈን የለባቸውም፤ በውስጡ ያለው መሣሪያ ሙቀት ያመነጫልና። በጣም የጠቆረ ቀለም የፀሐይን ሙቀት ስለሚስብ፥ የደጋ ፀሐይ ብርቱ በሆነበት አገር ነጣ ያለ መደብ ይመረጣል። ነጣ ያለ መደብ የስፌትም ልማድ ነው፤ አለላው ጎልቶ የሚታየው ባልተነከረው ሣር ላይ ነውና። የሣጥኑ መለያ ቍጥርም ሳይሸፈን መታየት አለበት። መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው የሚፈልገው ሥዕሉን ሳይሆን ቍጥሩን ነው።

መብራት ያልደረሳቸው የገጠር ቀበሌዎች እያሉ የከተማውን ሣጥን ማስጌጥ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሣጥን ለማስጌጥ የሚወጣ ገንዘብም ከሽቦ መዘርጊያው መወሰድ የለበትም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኩታበር አካባቢ በደረሰ ጊዜ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። የመብራት አገልግሎት ተቋርጦ ወፍጮ ቆመ፤ ስልክም ዝም አለ። ከዚያ በፊት ሽቦውንና ትራንስፎርመሩን የመንግሥት ዕቃ ብሎ ብቻ ያያቸው ሰው፥ የራሱ ኑሮ በእነርሱ ላይ እንደ ተሰቀለ ያን ጊዜ ተረዳ። ሰው የራሴ ነው ያለውን ነገር ይጠብቃል። የሰፈር ሴቶች ጌጥ፥ የሰፈር ሰው ስም ያለበት ሣጥን ከሌላው ሣጥን ይልቅ የሰፈሩ ይሆናል። ጌጡ ጥቅም አለው ከተባለ ጥቅሙ ይህ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፥ ሣጥንን በሥዕል ማልበስ ከብሪዝበን ወይም ከደብሊን እንዳለ ተቀድቶ የሚመጣ ነገር አይደለም። ማን ይፈቀድለታል ለሚለው ጥያቄ የደጋው መልስ፥ ስሙን ከግርጌ ጽፎ ኀላፊነቱን የተቀበለ ሰው ነው የሚል ነው። ማን ይጠብቀዋል ለሚለው፥ ግድግዳዋን ለበዓል እንደምታድስ ባለቤት፥ በየዓመቱ የሚያድሰው ሰፈር ነው የሚል ነው። የጋራው ሥዕል ምንድር ነው ለሚለው ደግሞ፥ በሁለቱም ሃይማኖት ቤት እንጀራ የሚቀርብበት የመሶብ ጌጥ ነው የሚል ነው።

በየዓመቱ የሚታደስ ሥዕል የሚታተመውን ወረቀት ያህል ፈጣን አይደለም፤ ነገር ግን ከመስከረም በፊት ባለው ሳምንት የሰፈር ወጣቶች ቀለም ይዘው፥ ሰፊዋ በአጠገባቸው ቆማ ቈጠራውን እያረመች ቢሠሩት፥ ጌጡ ብቻ ሳይሆን ቈጠራው ከእናት ወደ ልጅ ያልፋል። ዛሬ የላስቲክና የፋብሪካ ዕቃ የመሶብን ስፍራ በብዙ ቤት እየወሰደ ስለ ሆነ፥ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ሽቦው ከምሰሶ ወርዶ ሣጥኑ ከመቆሙ በፊት፥ የከተማው ሹማምንትና የመብራት መሥሪያ ቤቱ አስቀድመው የሚጠይቁት የማተሚያ ቤቱን ዋጋ ሳይሆን የሰፊዎቹን ምክር ቢሆን የተሻለ ነው።